«አልበሙ ገቢ ሲያመጣ እከፍልሃለሁ» ለሚል ድምፃዊ ምን ይመለሳል?

የጠያቂው ደብዳቤ፦

«ዕድሜዬ 27 ዓመት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከተከራየሁት ቤት አንዷን ክፍል ስቱዲዮ አድርጌ በሙዚቃ ቅንብር እተዳደራለሁ። የታላቅ ወንድሜ አብሮ አደግ የሆነና አሁን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖር ድምፃዊ ስምንት ዘፈኖች ያሉት አልበም እንድሠራለት ጠይቆኛል። ግጥሙንና ዜማውን ሌሎች ሰዎች ሠርተውታል፤ ቅንብሩ፣ ሚክሱና ማስተሩ (ድምፆቹን ማመጣጠኑና የመጨረሻውን ቅጂ ማዘጋጀቱ) የእኔ ነው። አሁን የሚከፍለኝ ገንዘብ እንደሌለው፣ በምትኩ ግን አልበሙ ከሚያስገኘው ገቢ ከመቶ 20 ሮያሊቲ እንደሚያስብልኝ ነግሮኛል። ‹አሁን ብር ብትቀበል የምትጎዳው አንተ ነህ› ይለኛል። ሁለቱን ዘፈኖች ጀምሬያቸዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ‹ጋሼ› እያልኩ ያደግሁት ሰው በመሆኑ እምቢ ለማለት ይሉኝታ ይዞኛል፤ እሺ እንዳልል ደግሞ የቤት ኪራይ አለብኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎ የገንዘብና የይሉኝታ ጉዳይን አንድ ላይ አስሮ የያዘ በመሆኑ አስቀድመን ገንዘቡን፣ ከዚያም ይሉኝታውን ብናይ ይሻላል። ስምምነቱን አሁን በቀረበልዎ መልክ አይቀበሉት፤ ነገር ግን ሮያሊቲ የሚለውን ሐሳብም ከነጭራሹ አይጣሉት። ወጪዎንና የድካምዎን አብዛኛውን ዋጋ በገንዘብ ይቀበሉ፤ ሮያሊቲው በዚያ ላይ የሚጨመር እንጂ በዚያ ፈንታ የሚሰጥ አይሁን።

ይህን ስንል ድምፃዊው ሊያታልልዎ አስቧል ብለን ጠርጥረን አይደለም። ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ከመቶ 20ም ለአቀናባሪ ሲቀርብ ንፍገት የሚባል አኃዝ አይደለም። በአሜሪካ ትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ዘንድ የአንድን አልበም ቀረጻ የሚመራ ባለሙያ በአብዛኛው የሚደርሰው ከመቶ 3 እስከ 5 ያህል ሲሆን፣ እርሱም እጁ ላይ ከሚገባ የቅድሚያ ክፍያ ጋር ነው። የእርስዎ ችግር ከመቶ 20ው የሚሰላው ከየትኛው ገቢ ላይ እንደሆነና ያ ገቢ መጀመሪያ በማን እጅ እንደሚገባ አንድም ነገር አለመነገሩ ነው። እነዚህ ሁለቱ ካልታወቁ ከመቶ 20 ቢባል ከመቶ 50 ቢባል ልዩነት የለውም።

እንግዲህ «አልበሙ የሚያስገኘው ገቢ» የተባለውን እንመልከት። በእኛ ሙዚቃ ውስጥ አልበም በራሱ ከሚያስገባው ገንዘብ ይልቅ ለባለቤቱ የሚከፍትለት በር ይበልጣል። አንድ ድምፃዊ አልበም ካወጣ በኋላ ኑሮውን የሚያቆምለት የመድረክ ክፍያ ነው፤ ኮንሰርቱ፣ የምሽት ክለቡ፣ ሠርጉ፣ የድርጅት ዝግጅቱ ነው። በአሜሪካ ለሚኖር ድምፃዊ ደግሞ የእንቁጣጣሽና የፋሲካ ዝግጅቶች አሉለት፤ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሐምሌ መጀመሪያ ገደማ በሚያዘጋጀው ውድድር ሰሞንም የመድረክ ሥራው ይበዛል። ከዚህ ሁሉ ለአቀናባሪው የሚደርሰው ነገር የለም። የቀረበልዎ ድርሻ እንግዲህ ከድምፃዊው ኪሶች መካከል ከትንሹ ኪስ የሚወጣ ነው ማለት ነው። ከመድረክ ገቢው ድርሻ ይጠይቁ አንልም፤ መድረክ ላይ የሚደክመው እርሱ ነውና ጥያቄው ፍትሐዊ አይመስለንም። ሆኖም አልበሙ ለእርሱ የመድረክ መነሻ ካፒታሉ ስለሆነ፣ ለዚህ ካፒታል አስቀድሞ መክፈሉ ተገቢ መሆኑን በግልጽ ሊያስረዱት ይችላሉ።

ሁለተኛው ቀዳዳ ከዚህም የባሰ ነው። ብዙ ድምፃውያን ሥራቸውን በራሳቸው ቻናል አይለቁም፤ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ወይም ብዙ ተከታይ ያለው የዩቲዩብ ቻናል ዘፈኑን በአንድ ጊዜ ክፍያ ይገዛቸዋል። በካሴት ዘመን ሙዚቃ ቤቶች አልበምን በቁርጥ ዋጋ ይገዙ የነበረበት አሠራር ዛሬ መልኩን ቀይሮ ቀጥሏል ማለት ይቻላል። ድምፃዊው እንዲህ አድርጎ ከሸጠ በኋላ በየወሩ የሚቆጠር ገቢ ስለማይኖረው፣ የእርስዎ «ሮያሊቲ» የሚሰላበት ነገር ራሱ ይጠፋል፤ እርሱም ቃሉን አላጠፈም፣ እርስዎም የሚጠይቁት የለዎትም። ስለዚህ በውሉ ውስጥ ዘፈኖቹ በሙሉ ወይም በከፊል በአንድ ጊዜ ክፍያ ቢሸጡ ድርሻዎ ከሽያጩ ዋጋ ላይ ተሰልቶ ወዲያውኑ እንደሚከፈልዎ በቀጥታ መጻፍ አለበት። ከጠቅላላው ምክራችን አንዱን ብቻ ይዘው የሚሄዱ ቢሆን ይህን ይያዙ እንልዎታለን።

ሦስተኛው ቀዳዳ በውሉ ላይ ልትገባ የምትችለው «ከተጣራ ገቢ»፣ ማለትም ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ከሚቀረው፣ የምትለዋ ሐረግ ናት። በምሳሌ እናስላው። አንድ ነጠላ ዜማ በሁለት ዓመት ውስጥ 2,000 ዶላር አስገባ እንበል። ከዚህ ላይ ዘፈኑን ለሙዚቃ ማድመጫ ድረ ገጾች የሚያደርሰው አከፋፋይ ከመቶ 15 ቢወስድ 300 ዶላር ይሄዳል፤ ድምፃዊው ለክሊፕ ያወጣሁት ነው ብሎ 1,500 ዶላር ቢቀንስ የሚቀረው 200 ዶላር ብቻ ይሆናል። የእርስዎ ከመቶ 20 እንግዲህ 40 ዶላር ነው። ይኸው ድርሻ ከጠቅላላ ገቢ ቢሰላ ኖሮ 400 ዶላር ይሆን ነበር። ክሊፕ የድምፃዊው ማስታወቂያ ነው፤ መድረክ የሚያስገኝለትም እርሱ ስለሆነ ወጪው ከእርስዎ ድርሻ ላይ የሚቀነስበት ምክንያት አይታየንም። የአከፋፋዩ ኮሚሽን ቢቀነስ ግን ያስማማል፤ ያ ገንዘብ መጀመሪያውኑ ለማናችሁም አልደረሰምና።

ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባ ወደሚለው ስንመጣ፣ ዩቲዩብ በተለመደው የአጋርነት ፕሮግራሙ በረጃጅም ቪዲዮዎች ላይ ከሚታይ ማስታወቂያ ገቢ 55 ከመቶውን የሚከፍለው ለቻናሉ ባለቤት ነው። ዘፈኑን ማን እንዳቀናበረው አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። አዲስ ቻናል ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ተከታዮችና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓታት ማሟላት ይጠበቅበታል፤ ሒሳቡም 100 ዶላር እስኪሞላ ድረስ አይከፈልም። የሙዚቃ ማድመጫው ስፖቲፋይ በበኩሉ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ምንም አይከፍልም። ለአንድ ጊዜ መደመጥ የተቆረጠ ዋጋም የለውም፤ ከአድማጮቹ ክፍያና ከማስታወቂያ ከተሰበሰበው ገንዘብ በድርሻ ይከፋፈላል እንጂ። ከዚህ በተጨማሪ የአንድ ዕይታ ዋጋ ተመልካቹ ባለበት አገር ይለያያል፤ ከአሜሪካ የተገኘ ዕይታ ከአገር ቤት ከተገኘው እጅግ የተሻለ ይከፍላል። ስለዚህ ድምፃዊው «ያለፈው ዘፈኔ ይህን ያህል ሺህ ሰው አየው» ቢልዎ፣ ተመልካቹ የት የት እንዳለ የሚያሳየውን የቻናሉን የውስጥ ገጽ አብሮ እንዲያሳይዎ በትሕትና ይጠይቁት። ስለ ገቢው በእውነት የሚተማመን ሰው ይህን ለማሳየት አያመነታም።

ዘፈኖቹ በዲስትሮኪድ ወይም በመሳሰሉት አከፋፋዮች በኩል የሚለቀቁ ከሆነ፣ አንዳንዶቹ ገቢውን ከምንጩ ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ባለድርሻ በስሙ የሚያስገቡበት አሠራር አላቸው። ድምፃዊው አልበሙን ሲጭን የእርስዎን ከመቶ 20 እዚያው ያስመዝግብ። እንዲህ ከሆነ በየሦስት ወሩ «ምን ያህል ገባ?» እያሉ ከመጠየቅ፣ እርሱም ሒሳብ አቅራቢ ከመሆን ትድናላችሁ፤ ወዳጅነትን የሚያሻክረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይህ የጥያቄ ምልልስ ነው። ገንዘቡ በኢትዮጵያ ባንክ በኩል በምን መንገድ እንደሚደርስዎ አልበሙ ከመጫኑ በፊት ያጣሩ። በዩቲዩብ ቻናሉና በጥሪ ማሳመሪያ የሚገኘው ገቢ ግን በዚህ መንገድ ስለማይከፋፈል፣ በውሉ ላይ በየስድስት ወሩ የገቢ መግለጫ እንዲሰጥዎ ይጻፍ።

አሁን ደግሞ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ በብር እናስላ። ዋጋዎን በደብዳቤዎ ላይ ስላልጠቀሱ ለአንድ ዘፈን 40,000 ብር ያስከፍላሉ ብለን እንነሣ። ስምንቱ 320,000 ብር ይሆናሉ። ይህን ሁሉ በከመቶ 20 ከለወጡት፣ የተለመደ ዋጋዎን ብቻ መልሰው ለማግኘት አልበሙ ከቀረጻ ሽያጭና ከዕይታ 1,600,000 ብር ማስገባት አለበት። እርሱም ዛሬ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ተንጠባጥቦ የሚመጣ ነው፤ የቤት ኪራይዎ ግን በየወሩ ነው የሚጠየቀው። በአንጻሩ ግማሹን፣ ማለትም 160,000 ብሩን ሥራው ሲጀመር፣ ሩቡን ሚክሱ ሲያልቅ ተቀብለው የመጨረሻውን ሩብ ብቻ በሮያሊቲ ቢለውጡ፣ ለአደጋ ያጋለጡት 80,000 ብር ብቻ ስለሚሆን 400,000 ብር ገቢ ይመልሰዋል። ከዚያ በላይ ከሚመጣው ገቢ የሚደርስዎ ድርሻ ሁሉ ትርፍዎ ነው። ከመቶ 20ውን እንዳለ ይዞ ሩቡን ብቻ መተው ለድምፃዊው በዛ ከተባለ ወደ ከመቶ 10 ዝቅ ቢል አይክፋዎት፤ ለድርድር የሚሰጡት ነገር ቢኖር መቶኛው እንጂ ቅድሚያ ክፍያው አይሁን።

ለማሲንቆ፣ ለሳክስፎን ወይም ለጊታር የሚጋብዟቸውን ሙዚቀኞች በዚህ ድርድር ውስጥ ፈጽሞ አያስገቧቸው። እነርሱ ቀረጻውን በጨረሱበት ዕለት በጥሬው ይከፈላቸው፤ ክፍያውም ከድምፃዊው ይምጣ። የራስዎን ድካም በተስፋ መለወጥ የራስዎ ውሳኔ ነው፤ የሌላውን ሰው የቀን ሥራ ግን በተስፋ መለወጥ አይችሉም።

ስለ ምንዛሪም አንድ ነገር እንጨምር፤ ምክንያቱም ድምፃዊው በዶላር፣ እርስዎ በብር ነው የምትኖሩት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ በፊት «ከስድስት ወር በኋላ ይህን ያህል ብር እሰጥሃለሁ» የተባለ ሰው ምን እንዳገኘ መገመት አያዳግትም። ወደፊት የሚከፈል ማናቸውም ገንዘብ በዶላር ተቆጥሮ፣ በሚከፈልበት ቀን የባንክ ምንዛሪ በብር እንዲሰጥዎ ይዋዋሉ።

ሕጉን በተመለከተ፣ ባዶ እጅዎን አይደሉም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ የግጥምና የዜማ ደራሲዎችን ብቻ ሳይሆን በነባር ሥራ ላይ የተሠራ ቅንብርንም ይጠብቃል። ቀረጻው ራሱ ደግሞ ከግጥሙና ከዜማው የተለየ መብት ያለው ሲሆን፣ መብቱም ቀረጻውን በራሱ ተነሣሽነትና ኃላፊነት ላሠራው ፕሮዲዩሰር ይሰጣል፤ በእኛ አገር ልማድም ፕሮዲዩሰር የሚባለው ወጪውን የሚሸፍነው ነው። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ድምፃዊው ምንም ሳይከፍል ስቱዲዮውን፣ መሣሪያውንና ጊዜውን እርስዎ የሚያቀርቡ ከሆነ፣ ከፕሮዲዩሰርነቱ ከፊሉን እርስዎ ተሸክመዋል ማለት ነው፤ ስለዚህ የገቢ ድርሻ ብቻ ሳይሆን የማስተር ቅጂው የጋራ ባለቤትነት ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አለዎት። ሙሉ ክፍያ ከተቀበሉ ግን ይህን ጥያቄ ማንሣት ተገቢ አይሆንም። ይህ ነጥብ ለድርድርም ይረዳዎታል፤ ብዙ ድምፃውያን የማስተራቸውን ባለቤትነት ከማካፈል ይልቅ ገንዘብ ፈልገው መክፈልን ይመርጣሉና።

ውሉን በጽሑፍ ያድርጉት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹ እንዲፈረምና በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ያዛል። ድምፃዊው ውጭ አገር ስለሆነ አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ ውክልና ሰጥቶ ማስፈረም ይችላል። በዚህ መካከል ታላቅ ወንድምዎን ምስክር አያድርጉት፤ ተወካይም አይሁን። አንድ ቀን ክርክር ቢነሣ በወንድሙና በአብሮ አደጉ መካከል ቆሞ የሚመሰክር ሰው ያሳዝናል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ከገንዘብ ይልቅ ድርሻን መምረጥ የሚያዋጣበት ጊዜ እንደሌለ አድርገን መተው አይገባም። አሜሪካዊው የቀረጻ ባለሙያ ስቲቭ አልቢኒ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከኒርቫና ባንድ ጋር ሲሠራ ሮያሊቲ የባንዱ ነው በማለት የአንድ ጊዜ ክፍያ ብቻ ተቀብሏል፤ አልበሙ በሚሊዮኖች ስለተሸጠ በሒሳብ ብቻ ካየነው ብዙ ገንዘብ ትቷል። በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን አውታር የተባለ የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ካቋቋሙት መካከል አቀናባሪው ኤልያስ መልካ አንዱ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለንም፤ የቁርጥ ዋጋ አሠራር ለባለሙያው ምን እንደሚያስቀርበት ከማንም በላይ የሚያውቀው አቀናባሪ ነው። ዘፈኑ አንድ ብቻ ቢሆን፣ ድምፃዊው የሚታይ የገቢ ታሪክ ቢኖረው፣ በዜማው ላይም የእርስዎ እጅ ቢኖርበትና የሚያወጡት የራስዎን ጊዜ ብቻ ቢሆን፣ በድርሻ ብቻ ይሥሩ ብንልዎ ባልተሳሳትን። በአንድ ዘፈን መክሰር ይቻላል። ስምንት ዘፈን ግን የወራት ኑሮ ነው፤ የወራት ኑሮን ደግሞ ገቢው ባልታየ ሥራ ላይ ማስቀመጥን አንመክርም።

ይሉኝታውን በተመለከተ፣ ችግርዎ እምቢ ማለት ብቻ እንደሆነ አድርገው ስላዩት ከብዶዎታል። እምቢ አይበሉት፤ ሌላ ሐሳብ ያቅርቡለት። በስልክ ከመነጋገር ይልቅ መጀመሪያ ጽፈው ቢልኩለት ይሻላል፤ በስልክ «ጋሼ» በሚለው ድምፅ ፊት አቋምዎ ሊላላ ይችላልና። የሚልኩት ነገር ከዚህ ብዙ ባይርቅ መልካም ነው፦

«ጋሼ፣ ሰላም ነህ? አልበምህን ለመሥራት ለእኔ በማሰብህ ደስ ብሎኛል፤ ዘፈኖቹንም ወድጃቸዋለሁ። እኔ ግን የምኖረው በዚህ ሥራ ስለሆነ ስምንቱንም ያለ ቅድሚያ ክፍያ ብጀምራቸው በመሐል ሌላ ሥራ እየያዝኩ አንተን ማጓተቴ አይቀርም። ስለዚህ ግማሹን ስንጀምር፣ ሩቡን ሚክሱ ሲያልቅ ክፈለኝና የቀረውን ሩብ በድርሻ እንያዘው። በአንድ ጊዜ ይህን ማድረግ ካልተመቸህ በሁለት ዘፈን እንጀምርና የእነሱን ውጤት አይተን እንቀጥል። ውሉን እኔ አዘጋጅቼ ልላክልህ?»

በሁለት ዘፈን የመጀመሩ አማራጭ ለሁለታችሁም የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ አነስተኛ ገንዘብ ይፈልጋል፣ እርስዎም ገቢውን በዓይንዎ አይተው ለቀሩት ስድስት ይወስናሉ። «ለምን አላመንከኝም?» ብሎ ከተቆጣ፣ ከእርሱ ጋር በገንዘብ ጉዳይ ለዓመታት መተሳሰር ምን ሊመስል እንደሚችል አስቀድሞ አሳይቶዎታል።

የጀመሯቸውን ሁለት ዘፈኖች በሚመለከት፣ ውሉ እስኪፈረም ድረስ ሥራውን ያቁሙ እንጂ የሠሩትን አይሰርዙ። እንዲሰማ የሚልኩለት በኤምፒ3 የተጨመቀና በመሐሉ የስቱዲዮዎ ስም የሚሰማበት ቅጂ ብቻ ይሁን። የእያንዳንዱ መሣሪያ ድምፅ ለየብቻው የወጣበትን ፋይል፣ የፕሮጀክቱን ፋይልና ያለቀውን ማስተር የመጨረሻው የገንዘብ ክፍያ ባንክዎ ከገባና ድርሻዎም ከተመዘገበ በኋላ ያስረክቡ። እስከዚያው የተላላካችኋቸውን መልእክቶች፣ በተለይም ከመቶ 20 የሚለውን የጠቀሰበትን፣ እንዳይጠፉብዎ ቅጂ ወስደው ያስቀምጡ።